ሄፓሪኑን ያስቀረሁበት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ጅማ

ለሰው ብናገረው ጉራ ይመስላል፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። በራሴ ኮርቻለሁ።

ሐጂ አባ ፊጣ ትናንት ጠዋት ከአጋሮ ሲመጡ ደረታቸውን ይዘው ያቃስቱ ነበር። የልባቸውን ደም ሥር የረጋ ደም ዘግቶታል። የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት አንድ ብልቃጥ ነበረን፤ እሱን በመስጠቱ ተስማማን። የተከራከርነው ደሙ ተመልሶ እንዳይረጋ አብሮ በሚሰጠው ላይ ነው። ከእኔ ቀድሞ የተመረቀው ዶክተር ፍቅሩ፣ አስፕሪን ብቻውን አይበቃም፣ ሄፓሪን በመርፌ ይጨመር አለ።

እኔ ግን እዚህ አገር ደረቱን የወጋው ሰው መጀመሪያ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። "አባባ፣ ዋግምት ተደርጎልዎታል እንዴ?" አልኳቸው።

"ኤዬ፣ ማታ ነው" አሉ።

ሸሚዛቸውን ብገልጥ ጀርባቸው ላይ ያለው የምላጭ ጭረት ገና አልደረቀም። "በዚህ ላይ ሄፓሪን ከጨመርን ደሙን ማን ያቆመዋል?" አልኩት። ፍቅሩ ጀርባቸውን አየና የሄፓሪኑን መርፌ መልሶ አስቀመጠው። አስፕሪኑን ብቻ ጨመርንላቸው። እንዲያም ሆኖ ጭረቱ ሲደማ ዋለ፤ እኔም ፋሻ ስቀይር ዋልኩ።

ዛሬ ሕመሙ ለቋቸው፣ ቁጭ ብለው አጥሚት ጠጡ። ሊጠይቃቸው ለመጣ ጎረቤት፣ "አልሐምዱሊላህ፣ መጥፎውን ደም ዋግምቱ አወጣልኝ። ይቺ ልጅ ደግሞ ፋሻ አሰረችልኝ" ሲሉት ሰማሁ።

አላረምኳቸውም። ፋሻውም ቢሆን ጥሩ ነው የታሰረው።