አሥራ ስድስት ተኩል ሜትር ለስድስት ሚዜ

ሰኞ

አይበቃም! አሥራ ስድስት ተኩል ሜትር ጨርቅ፣ ስድስት ሚዜ፣ አይበቃም። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙስጠፋ፣ የስፌት መኪናው እየጮኸ፣ አንድ ቀሚስ ስንት እንደሚፈጅ ነገሩኝ። ሦስት ሜትር ከሩብ ብዬ ጻፍኩ። ቤት ገብቼ ለልጄ ለኢክራም ሰጠኋት፤ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ድብልቅ ቁጥር ማካፈል እየተማሩ ነው።

«መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ህገወጥ ክፍልፋይ» አለችኝ። በቤቴ ደግሞ ምን ህገወጥ ነገር አመጣሽ! ሳቀችብኝ። 33/2፣ 13/4፣ የኋለኛውን ገልብጦ ማባዛት። አምስት ቀሚስ ከአንድ አሥራ ሦስተኛ ወጣ። አንድ አሥራ ሦስተኛ ቀሚስ ለማን ይሆናል? ለአሻንጉሊት?

ማክሰኞ

ጨርቁን የገዛሁበት የመርካቶ ሱቅ ደወልኩ። ያ ቀለም አልቋል።

ሙሽራዋ እህቴ ሰሚራ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ለሰርጓ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ፦ ስድስቱም ጓደኞቿ አንድ ዓይነት እንዲለብሱ።

አንዷ መቅረት አለባት። እንጦጦ ማርያም አጠገብ የምትኖረውን ትዕግስትን መረጥኩ። ለምን እሷን? ስለማትቀየም። ደውዬ ነገርኳት። «ኧረ ምንም አይደል እትዬ፣ የራሴን ቀሚስ እለብሳለሁ» አለች። ስልኩን ስዘጋ በራሴ አፈርኩ።

ረቡዕ

ሰሚራ ሰማች። «ትዕግስት ከቀረች ሚዜ የሚባል አልፈልግም» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ምሳ አልበላችም።

ሐሙስ

አምስት ብቻ ይቁረጡ ልል ጋሽ ሙስጠፋ ዘንድ ሄድኩ። «ስድስት ነው የሚወጣው» አሉኝ። ሦስት ከሩብ ብለውኝ የለም እንዴ?

«እኔ? ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው ያልኩሽ!»

ኧረ ያላህ ያለህ! ሰውየው ጨርቁን እንደ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። ሁለት ሜትር ከሦስት ሩብ ማለታቸው ነበር፤ እኔ ሆዬ «ሦስት» እና «ሩብ» ብቻ ሰምቼ ቁጭ።

ኢክራም ከትምህርት ቤት እንደገባች እንደገና አካፈለች። 33/2 ለ11/4። ድፍን ስድስት! አቅፌ ሳምኳት። «የሰጠሽኝን ነው ያካፈልኩት» ብላ ተኮፈሰችብኝ፤ እውነቷን ነው።

ዓርብ

ይሄ በስልክ አይነገርም ብዬ ከሰሚራ ጋር እንጦጦ ወጣሁ። ዳገቱን ቀድማኝ ወጣች። ትዕግስት ደጅ ልብስ ስታሰጣ አገኘናት።

«አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ጨርቁ ይበቃል። ባይበቃም አንቺን መተው አልነበረብኝም» አልኳት።

«ቅር ብሎኝ ነበር እትዬ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንገቷ ሥር ገብቼ አለቀስኩ፤ ሰሚራም መጥታ ሁለታችንንም አቀፈችን።

ነገ ጋሽ ሙስጠፋ ይቆርጣሉ። ጣት የምታህል ትርፍ የለችም። አላህ እጃቸውን ያጽናልን።