አሥራ ዘጠኝ ቀን የደበቅሁት ፖስታ

ቶሊዶ፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2010

ውድ ኔዲን፣

ይህን ከማንበብሽ በፊት አብሮት የመጣውን ወፍራም ፖስታ አውጪ። ያንቺ ነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ፣ ባልሽ ኦቲስ ራሱ ያንብበው፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሺ። እስከዚህ ወር ሠላሳኛ ቀን ድረስ ጊዜ አላችሁ። ከደብዳቤዬ ሌላ ምንም ባታነቢ እንኳ ይህን ቀን ያዢልኝ።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርሽ።

የመንግሥት ሰዎች መጥተው የቤት ብድራችንን በአዲስ ውል ያስተካክሉልናል የተባለ ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፍነውን ታስታውሻለሽ። አንቺ ወረቀቶችሽን በየመልካቸው ለይተሽ፣ በየአቃፊው ከትተሽ ነበር የመጣሽው። እኔ የደመወዙንም የግብሩንም የመብራቱንም በአንድ ፌስታል አጭቄ። ከፍተሽ አየሽና፣ «ቬልማ፣ ይሄን ይዘሽ እነሱ ፊት ከምትቀርቢ ራቁትሽን ብትቀርቢ ይሻላል» አልሽኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክከሽ አንድ በአንድ ስትለዪልኝ ተራሽ አለፈሽ። እንደገና ከኋላ ተሰለፍሽ። እኔ በጊዜ ጨርሼ ወጣሁ፤ አንቺ እስኪመሽ እዚያው ቆየሽ። አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽብኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ወረቀት በፋክስ እንልካለን፣ አልደረሰንም ይላሉ። እንደገና እንልካለን፣ ጊዜው አልፎበታል ይላሉ። ስንደውል በየቀኑ ሌላ ሰው ያነሳል፣ የትናንቱን አያውቅም። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ እኛ ፊቱን እንኳ ሳናይ ነው የተቃጠልነው። ኦቲስ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ወንበር ሲሰፋ የኖረበት ፋብሪካ ተዘግቶ፣ እኔም የምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሥራ ሰዓቴን በግማሽ ቀንሶብኝ፣ ሁለታችንም አንድ መልስ ስንጠብቅ በጋው አለቀ።

በኦገስት መንገዳችን ጫፍ ላይ የሸሪፉ ፖሊሶች ብድሩን መክፈል ያቃተውን ቤተሰብ ዕቃ ሣሩ ላይ አውጥተው ሲጥሉት ቆሜ አየሁ። ዝናብ ነበር። አልፎ ሂያጁ መኪናውን እያቆመ መብራቱን፣ ወንበሩን ያነሳል። ልጃቸው ፍራሿ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። በቀጥታ ወደ አንቺ መጣሁ። «እህቴ፣ ክብርሽን ይዘሽ ውጪ። መልስ የሚባል ነገር አይመጣም። እንደነሱ ሳትዋረጂ ሂጂ» አልኩሽ። አንቺ ኦቲስን አየሽው። እሱም ተነስቶ ዕቃ መክተቻ ካርቶን ሊፈልግ ወጣ።

ያን ያልኩሽ ፈርቼልሽ ነው። ይህን እመኚኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግርሽም እውነት ነውና ያንንም እመኚኝ።

ቁልፉን ለእኔ ለጎረቤታችሁ ሰጥታችሁ፣ ደብዳቤ ከመጣ ላኪልን ብላችሁኝ ወደ ቴነሲ፣ ኦቲስ እህት ዘንድ፣ ሄዳችሁ። በሁለተኛው ሳምንት፣ አርብ ቀን፣ ፖስታ አመላላሹ ለእኔ ስስ ፖስታ፣ ለአንቺ ደግሞ ወፍራም ፖስታ አመጣ። የኔ አንድ ገጽ ነበር፤ ገቢዎ ስለማይበቃ አልተፈቀደም ይላል። ያንቺን መክፈት አልነበረብኝም። ከፈትኩት። ተፈቅዶላችኋል። ወርሃዊ ክፍያችሁ የኦቲስ ጡረታ በሚችለው ልክ ተስተካክሎ፣ ሁለታችሁ ፈርማችሁ ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር እስከ ሠላሳው እንድትመልሱት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ኔዲን፣ ደስ አላለኝም። ደስ ቢለኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ እስክሪብቶ ቅጹን ሞልተን አንቺ ተመልሰሽ መጋረጃሽን ልትሰቅዪ፣ እኔ ደግሞ ካርቶን ልፈልግ ነው ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ከፎጣዎቹ ሥር አስቀመጥኩት። ነገ እልከዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሥራ ቦታ ድንች እየላጥኩ ቀኑን እቆጥር ነበር፤ ጥቂት ቢቆይ ቀነ ገደቡ በራሱ ያልፋል፣ ያኔ እኔ አይደለሁም ያሳለፍኩት ብዬ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ኦቲስ ከእህቱ ባል ጋር ላለመጋጨት መኪናው ውስጥ ማደር መጀመሩን ጻፍሽልኝ። ስልካችሁ መቋረጡንም። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ «ላንቺስ መልስ ሰጡሽ ወይ? በየቀኑ እየጸለይኩልሽ ነው» ይላል። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ወደ ሚስ ፓዲላ ሄድኩ፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ቅጹን የተቀበለችን፣ ስለ መንግሥቱ ፕሮግራም የምታማክረዋ ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና፣ «ይህ እርዳታ ቤቱ ውስጥ ለሚኖር ሰው ብቻ ነው» አለችኝ። «ባንኩ ቤቱን ባዶ ነው ብሎ ከመዘገበ አበቃ። ከሠላሳው በፊት ተመልሰው ገብተው ከፈረሙ ግን ማንም አይከለክላቸውም።»

«እስከዚያስ?» አልኳት።

«እስከዚያ ባዶ እንዳይመስል መጸለይ ነው።»

እኔ ጸሎት አልሆነልኝም። ሣርሽን አጨድኩት። መጋረጃ የለምና የራሴን አንሶላ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ፤ ልብሴን አጥቤ ያንቺ ገመድ ላይ አሰጣሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባንኩ የላከው ሰው ካሜራ ይዞ በረንዳሽ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በጓሮ ዞሬ ገባሁና በፊት ለፊቱ በር ወጣሁለት።

«ቤቱ ተለቋል ተብሎ ነው የተላክሁት» አለኝ።

«ኔዲን ሥራ ላይ ናት» አልኩት።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እህቷ።»

ከትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ አየ። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ እሱም አየው፣ እኔም ማየቱን አየሁ። «እመቤቴ፣ እኔ የማየውን ነው የምጽፈው» አለኝ።

«እንግዲያው እኔን ጻፍ። ቆሜልሃለሁ።»

ካሜራውን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ «ሰው አለበት» ብሎ ጻፈና ሄደ። ሌላ ጊዜ የሚመጣው ሰው እንዲህ አይሆንም። አሥር ቀን ብቻ ነው ያለን፤ ቶሎ ካልመጣችሁ እኔ ብቻዬን ልይዘው አልችልም።

ስለ እኔ ትጠይቂ ይሆናል፤ እንዲህ ካደረግሁሽም በኋላ ትጠይቂያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ቤቴ ኦክቶበር ስምንት በሐራጅ ይሸጣል። ሚስ ፓዲላ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ። ስለዚህ ይቅርታሽን የምለምነው ጎረቤትሽ ሆኜ ልኖርበት አይደለም።

ውጡ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ተመለሱ የምልሽም እኔው ነኝ። ኦቲስን ዛሬውኑ አስነሺው። ፍራሽ ባይኖራችሁ ወለሉ ላይ እደሩ። በሩን አልቆልፈውም። ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ ከቤቴ አልወጣም፣ መስኮቱም ጋ አልቆምም። የመኪናችሁ በር ሲዘጋ ብቻ ልስማ።

የበደለችሽ፣
ቬልማ