ጋሼ ተስፋዬ ሳይቀምሱ ሄዱ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ኬንቲሽ ታውን

ዛሬ ከሰዓት የዳዊት አጎት ጋሼ ተስፋዬ ለሽምግልና መጡ። ዳዊት ለሠርጋችን ያጠራቀምነውን ገንዘብ ካዚኖ ወስዶ ሩሌት በሚባለው ቁማር ጨርሶታል፤ እሳቸው ይቅር እንድለው ሊለምኑኝ ነው። ምስር ወጥ ሠርቼ ነበር። «እሺ ሳትይኝ አልቀመጥም፣ አልቀምስምም» ብለው ኮታቸውን እንደለበሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዕድሉ ጠሞበት ነው እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም።»

ዕድል ሲሉኝ ነደደኝ። ስታትስቲክስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ይመስል ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላቸው። «ጋሼ፣ የሚሽከረከረው ነገር ላይ ከዜሮ ጋር ሠላሳ ሰባት ቁጥር አለ። ላሸነፈ የሚከፈለው ግን ሠላሳ ስድስት ብቻ እንዳሉ ተቆጥሮ ነው። ዜሮዋ የካዚኖው ናት። ማጭበርበር እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ሰው ከቆየላቸው ይበቃል። ግድግዳው ላይ ሰዓት የማይሰቅሉት ለዚህ ነው።»

ወረቀቱን አተኩረው አዩት። «ታዲያ ይሄ ደደብ ዜሮዋ ላይ አያስይዝም ነበር?»

ሳላስበው ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር ስስቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«የዜሮዋም ክፍያ ያው ነው፣ ጋሼ።» የሚቀመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው።

«እንግዲያው እሺ በይኛ።»

«አልልም። መሸነፉን ይቅር እለው ነበር። ገንዘቡን ሲወስድ ግን አልጠየቀኝም።»

ግንባሬን ስመውኝ ወጡ። በመስኮት አውቶቡስ ሲጠብቁ አየኋቸው፤ ቀና አላሉም።

እሺ ባለማለቴ አልጸጸትም። ምስር ወጡ ለሦስት ሰው ይበቃል። ለእሳቸው የሳብኩትን ወንበር ወደ ቦታው ሳልመልስ፣ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ብቻዬን በላሁ።