ደጅ የቀረው ሰሌን

ልጄ ፌቱ፣ ባሕሩን በሰላም ያሻገረህ አምላክ በሄድህበት ሁሉ ይጠብቅህ። ኦክላንድ ብርድ ነው ይላሉና ደረትህን ሸፍን። እኛ አለን። የዳቦው ዛፍ ዘንድሮም አፍርቷል፤ እህትህን ማሲናን ወንዙ ከወሰዳት ወዲህ ግን ፍሬውን የሚለቅም የለም።

የሁለቱን መንደር ትምህርት ቤቶች ከወንዙ ማዶ ሲያዋህዱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቱፉጋ፣ «ዝናቡ ሳይገባ ድልድይ ይሠራል» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ምሎ ነበር። ግድግዳ ቀቡ፣ አሳማ አርደው ጨፈሩ፣ ድልድዩን ረሱት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የኮሚቴው ሰዎች ይቅርታ ሊሉ መጡ። አንድ ሰው፣ እንደ ወጋችን የተበደለ ገልጦ እስኪምረው፣ ሰሌን ተከናንቦ ደጃችን ተንበረከከ። ቱፉጋ መስሎኝ ሳልገልጠው ተውሁት። ፀሐይ ሲበረታ አጎትህ ታቪታ፣ «ግለጭው እንጂ እህቴ፣ ነውር ነው» አለኝ። ብገልጠው መምህርት ሊሴ ናት! «ልጆቹን በዝናብ አታሻግሩ» ብላ ስትጮህ የከረመችው እሷው።

«አንቺ ምን በደልሽኝ? ቱፉጋስ?»

«ጉልበቴን አመመኝ አለ፣ እትዬ።»

«ሲጨፍር አላመመውም!»

ሊሴን አቅፌ አስገባኋት፤ አብረን አለቀስን። ሰሌኑን ግን ደጅ ተውሁት። አሁን አጎትህ፣ «አንዴ ከገለጥሽ ምረሻል፣ ነገሩ አልቋል፤ ሰሌኑን እናስገባ» ይለኛል። እኔ የማርሁት ያልበደለችኝን ነው። ታናሽህ ሎቶ ከገና በኋላ ትምህርት ትጀምራለች፤ የምትሻገረው ያንኑ ወንዝ ነው።

እባክህ ልጄ፣ ለአጎትህ ደውልለት፤ አንተን ይሰማል። ድልድዩ የቆመ ዕለት ሰሌኑን በገዛ እጄ አስገባዋለሁ በለው።

እግዚአብሔር እኔን ሳያስቀድም አንተን አያሳጣኝ።

እናትህ