ስለ ዘይነባ ባዝራና በላይዋ ስለ ተቀመጡት ክቡርነትዎ

ለክቡር የቀበሌያችን ሊቀመንበር
መርሳ
ጥር 2014 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ወገብዎ እንዴት ነው? ያን ነሐሴ በኮርቻ ላይ ካዩት መከራ በኋላ የወገብዎ ነገር የሰፈሩ ሁሉ አሳብ ነበርና፣ ከስደት በሰላም ተመልሰው ወንበርዎ ላይ መደላደልዎን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ወንበር መቼም አይራመድም።

በግቢዬ ግድግዳ ላይ የሣልሁት የፈረሰኛ ሥዕል የመንግሥትን ክብር ስለሚነካ ፈረሰኛው በአስቸኳይ እንዲጠፋ የጻፉልኝ ትእዛዝ ደርሶኛል። እኔን ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምሥለው። ስለዚህ ያየሁትን በተራ ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ የመድፉ ድምፅ ከወልድያ በኩል መሰማት በጀመረ ጊዜ በድምፅ ማጉያ «ማንም ከቤቱ እንዳይነቃነቅ፣ እኛ ከእናንተ ጋር ነን» ብለው ስላጽናኑን አመሰግናለሁ። በማግስቱ ጧት ጎረቤቴ ዘይነባ መራመድ የማይችለውን ባሏን ዓሪፍን ይዛ ልትሸሽ ባዝራዋን ጭና ደጅ አቁማ ነበር። እርሷ ባሏን ደግፋ እስክታወጣ፣ ክቡርነትዎ «ለመንግሥት ሥራ ትፈለጋለች» ብለው ኮርቻው ላይ ወጡ።

ሁለተኛ፣ የዓሪፍ እርካብ እንደ ድሮው የተሠራ፣ የባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ መሆኑን አስቀድመን ስላልነገርንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። የቆዳ ጫማዎን ከነአፍንጫው ሲሰነቅሩበት እዚያው ቀረ። ከዚያም ልጓሙን ትተው ጋማዋን በሁለት እጅዎ አቀፉ፤ ዓይንዎንም ጨፈኑ። ባዝራይቱ የተጫነችው ለዓሪፍ መሆኑን የምታውቅ ይመስል ጥቂት ሄዳ ዞረችና፣ ይዛዎት በገበያው መካከል አልፋ ወደ ዘይነባ ደጅ ተመለሰች። ጓዙን የሚያስር ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ። «ቀና በል ሊቀመንበር! ልጓሙ በፊትህ ነው!» ያሉዎትን ሴቶች ስለ ድፍረታቸው ይቅር ይበሏቸው፤ ምክራቸው ግን ትክክል ነበር።

ሦስተኛ፣ ዘይነባ ልጓሙን ይዛ «ይውረዱልኝ፣ የታመመ ሰው አለብኝ» ስትል፣ እግርዎ ተሰንቅሮ መውረድ ስላልቻሉ ዘበኛዎ እጇን እንዲያስለቅቅ አዘዙ። ባዝራይቱንም እንደ ሙሽራ በቅሎ እያስጎተቱ ሄዱ። ዘይነባ ከባሏ ጋር እዚሁ ቀረች። እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፏቸው እስከ ዛሬ መጥተው አልጠየቁም፤ ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል።

የሸሸው ሰው ሲመለስ ይህንኑ ሣልሁት፤ ጋማ የሚያቅፈውን፣ ዓይኑን የጨፈነውን፣ ድምፅ ማጉያው ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ፈረሰኛ። ገበያተኛው እየቆመ ሳቀ። እኔም ኮራሁ።

አንድ ቀን ግን ዘይነባ ብቻዋን መጥታ ቆመች። አልሳቀችም። «ጋሼ አዳነ፣ አላህ እጅዎን ይባርከው፣ አሳምረዋታል» አለችኝ። «ሰዉ እሱን እያየ ይስቃል። እኔ እሷን ሳይ፣ ዓሪፍን በምን ጤና ጣቢያ ላድርሰው እላለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከስደት ይዘዋት ከተመለሱ ወዲህ ባዝራይቱ በቢሮዎ ግቢ እንደ መንግሥት ንብረት ታስራ ሣር ትበላለች። እኛ በደጃፉ እየሳቅን እናልፋለን፤ እስከ ዛሬ በሩን ያንኳኳ የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ዓሪፍ ከተኛበት ሆኖ ሳቃችንን ይሰማል። የእርስዎንም ድርሻ እኔው አፍሬልዎታለሁ፤ ለማፈር ጊዜ የሌለዎት ስለ መሰለኝ።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ በሩን ማንኳኳቴ ነው። ባዝራይቱ ትመለስ። እስክትመለስም በየጧቱ በሩ ላይ ቆሜ ያገኙኛል፤ ልመና እንዳይመስልዎት።

ወገብዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ እያልሁ፣ በታላቅ ትሕትና ዝቅ ብዬ፣ ነገር ግን ሳልወድቅ፣

አክባሪዎ
አዳነ ደጀን

ማስታወሻ፦ ትእዛዝዎ «ፈረሰኛው ይጥፋ» ስለሚል ዛሬ ጧት ፈረሰኛውን በኖራ አጥፍቼዋለሁ። ባዝራይቱ ግን በደል ስላልተጻፈባት፣ ባዶ ኮርቻዋን እንደ ተሸከመች ቆማለች። እውነተኛዪቱን ሲመልሱ እባክዎ አይቀመጡባት፤ መፍታት ብቻ ይበቃል። ክቡርነትዎ ዓይንዎን ጨፍነው ስለ ነበር አላዩ እንደ ሆነ እንጂ፣ ወደ ዘይነባ ደጅ መንገዱን ታውቀዋለች።