«ደሴቷ እንዴት ናት?»

ረቡዕ፣ ጥር 18፣ ከቀትር በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣

ሰላም ነህ ወይ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እንደ ልማድህ አንገትህን ሳትሸፍን እየወጣህ እንዳይሆን። እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያዝ ያደርገኛል እንጂ ደህና ነኝ። መደወል እችል ነበር፤ ግን በስልክ ቶሎ ታባብለኛለህ። ስጽፍ ማንም ከአፌ አይነጥቀኝም።

ቅዳሜ ሽርሽር ሄድን። በማለዳ እህትህ ከባሏና ከሕፃኗ ጋር በሬ ላይ ቆማ «እማ፣ ተነሺ! ዛሬ ደሴቷን ሳናይ አንውልም» አለችኝ። ከየት የመጣ ሐሳብ ነው ብላት «አሁን ነው ድንገት ትዝ ያለኝ» ብላ ሳቀች። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሰርጓ ደርሶ፣ ቬሎዋን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ አሥር ሰዓት ላይ ቀጥሬያታለሁ። ይህንኑ ነገርኳት። «በሞቴ እንሂድ፤ በቀትሩ ጀልባ እንመለሳለን» አለች። በሞቴ ከተባልኩ በኋላ ምን እላለሁ? ቤቴን ቆልፌ ቁልፉን እንደ ወትሮዬ ለጎረቤቴ ሰጠኋትና ተከተልኳቸው።

ጀልባው ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽህም። ላይኛው ፎቅ ላይ ተቀምጠን ነፋሱ ሻሼን ካልወሰድኩ ብሎ ሲታገለኝ የልጅ ልጄ በሳቅ ፈረሰች። የእህትህ ባል ብርቱካን ይልጥልኛል፤ እህትህ ትከሻዬን በፎጣ ትሸፍነኛለች። ይህን ያህል ሲንከባከቡኝ ሐኪሙ የደበቀኝ በሽታ አለ እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ።

ደሴቷ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ በላን። እህትህ ግን ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። የቀትሩ ጀልባ ጡሩንባውን ሲነፋ ጫማዬን አጥልቄ ብድግ አልኩ። ከኔ በቀር የተነሣ የለም።

«ማታ እንመለሳለን፣ እማ» አለች።

ለሙሽራ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እናንተ ቆዩ፣ ብዬ ወደ መሳፈሪያው ገሰገስኩ። እየሮጠች ደርሳ ክንዴን ያዘችና ማልቀስ ጀመረች።

«እባክሽ አሁን አትሂጂ። ገና አልጨረሱም።»

«እነማን ናቸው ያልጨረሱት?»

እሷ ስትንተባተብ ጀልባው ገመዱን ፈትቶ ሄደ።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። ቀለም ቀቢዎች የስፌት ክፍሌ ውስጥ ናቸው። የስፌት መኪናዬን ለነጋዴ ሰጥተዋል። ጎረቤቴም በእህትህ ቃል ቁልፌን ለማታውቃቸው ሰዎች አስረክባለች። ክፍሉ ስትመጡ ለአንተና ለእጮኛህ መኝታ ሊሆን ነው። «ሐሳቡ የሱ ነው» አለችኝ። «እማ ዓይኗ ደክሟል፤ መስፋቱን በፈቃዷ አትተውም፤ አንድ ቀን ከቤት አውጧት፣ አለን።»

ውሸታም አልኳት። በሰው ፊት ጮኽኩባት። «ወንድምሽ እኔን እንዲህ አያደርገኝም!» ብዬ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩልህ። እንኳን ስለ ደሴት፣ ከቤት ስለ መውጣቴም ትንፍሽ ያልኩህ ነገር አልነበረም። አንተ ግን ገና እንዳነሣኸው፣

«እማዬ! ደሴቷ እንዴት ናት?» አልከኝ።

«ታምራለች» ብዬ ዘጋሁት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይሄ ነው። እህትህ ብታደርገው ያን ያህል አልደነግጥም፤ እሷ ከልጅነቷም ነገር መሸፋፈን ይቀናታል። አንተ ግን! ከመኪናዬ ሥር ቁራጭ ክር እየለቀምክ ያደግከው አንተ! ከድተኸኛል፣ ልጄ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

እስከ ማታ እዚያው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ደሴት ላይ የተናደደ ሰው ወዴት ይሄዳል? ቤት ቢሆን በሩን ወርውሬው እወጣ ነበር። የልጅ ልጄ ጠጠር እየለቀመች ጭኔ ላይ ትደረድራለች፤ እኔ ደግሞ ክፍሌን ዕቃ በዕቃ ሲያራግፉት በሐሳቤ አያለሁ። ዓሣ የሸጡልን ሴትዮ «ምነው፣ አልጣመዎትም?» አሉኝ።

ማታ ስገባ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። ግድግዳው ነጭ ሆኗል፤ ያምራል ካልክም ያምራል። መቀሴን፣ መርፌዎቼን፣ ክሮቼን በካርቶን አድርገው አልጋው ሥር ከተውልኛል። ከቡኒ ወረቀት ቆርጬ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን የደንበኞቼን ልኮች ግን አሮጌ ወረቀት መስሏቸው ከቆሻሻ ጋር አወጧቸው። ትከሻው የጎበጠውን፣ አንድ እጁ የሚያጥረውን፣ በየዓመቱ ወገቡ የሚሰፋውን፣ ሁሉንም የማውቀው በዚያ ነበር። የአባትህም ልክ እዚያው ነበር። እሱን አሁን ማን ቆሞ ያስለካኛል?

ሙሽራዋ በቀጠሮዋ መጥታለች። ቀለም ቀቢው «ሴትዮዋ መስፋት አቁመዋል» ብሎ ጠርዙ ያልተሰፋ ቬሎዋን አስታቅፎ መለሳት። እያለቀሰች ሄደች አሉኝ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ማቆሜን እኔ ሳልሰማው ሰው ሰማው።

በማግስቱ መርፌና ክሬን ይዤ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ጋጋሪው ሊቆጣኝ ተነሥቶ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ወንበር ሳበልኝ። ጠርዙን በእጄ ሰፍቼ ጨረስኩላት። ዓይኔ ደህና ነው፤ ክሩን መርፌው ውስጥ እስካስገባ ትንሽ አጉረመርማለሁ እንጂ። ጋጋሪው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለችው የዱቄት ክፍል ባዶዋን ነች፣ ይሥሩባት አለኝ። መኪናዬንም የእህትህ ባል ከነጋዴው አስመልሶ እዚያው አደረሰልኝ፤ ዓይኔን ማየት ግን አቃተው። የምጽፍልህ ከዚያው ሆኜ ነው።

ለኔ አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ። ብትጠይቀኝ ምናልባት እምቢ እልህ ነበር፤ ምናልባትም እሺ። አሁን ይህን አንተም እኔም አናውቀውም።

ክፍላችሁ ዝግጁ ነው፤ አንሶላውን ራሴ አነጠፍኩት። ልጅቷን ሰላም በልልኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ እንደ ልጄ አቅፌ እቀበላታለሁ። መንገዳችሁን የቀና ያድርገው፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ፤ ወልዳችሁ ለመሳም ያብቃችሁ። ማታ ማታ ቤት አለሁ፤ እራት እናበላችኋለን፣ ስለ መንገዳችሁ እንጠይቃችኋለን። ስለዚህ ነገር ግን ቤት ውስጥ ቃል አይወጣኝም። ልታነጋግረኝ ከፈለግህ በሥራ ሰዓት ዳቦ ቤቱ ጀርባ ና። ደንበኞች ይኖራሉ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ተራህን ጠብቀህ ግባ።

እናትህ፣
ልብስ ሰፊዋ