ኖራ የነካው ድንጋይ

እትዬ፣ ሆዴ፣

ሳልፈልግ ሙዝ ገዝቼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ከሐይቁ ዳር ስመለስ አማካሪዬ ዶክተር አምሐ ከፊት ለፊቴ ሲመጡ ባያቸው፣ የሙዝ ሻጯ ጃንጥላ ሥር ገብቼ ተሸጎጥሁ። ሴትዮዋ ደግሞ አትምርም፤ «ልጄ፣ ጥላው አይከራይም፤ ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» ብላ መንገዱን ሁሉ አሰማችው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ እህትሽ እንዲህ ሆናልሻለች።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጨጓራሽ ተሻለሽ? የአባባስ ዓይን? በአዲሱ መነጽር ዳዊታቸውን መድገም ቻሉ? እኔ አካሌ ደኅና ነው፤ የምደብቅበት ያጣሁት ፊቴን ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ አጠገብሽ ማን እንዳለ ስለማላውቅ ነው። ይህን ብቻሽን አንብቢው።

በጂኦሎጂ ክፍላችን ለሁለተኛ ዲግሪ የምማር ሴት እኔ ብቻ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። ጥናቴ የጣና ደሴቶች ዐለት ነው። ከደሴቶቹ አንዱ ደግሞ ሴት የማትረግጠው ገዳም ነው። ዶክተር አምሐ ሐረር ያደጉ ሰው ናቸው፤ የኛን አገር ገዳማት ሥርዓት ከየት ያውቁታል? «ሁሉም ቦታ መድረስ ትችያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ግን ወንዶቹ «ይኸው፣ ሴት ገባችና የማይሆን ነገር መጣ» እንዳይሉኝ ፈራሁ። «ችግር የለም» አልሁ።

ያን የወረታውን መስዑድን ታውቂው የለ? ነጠላሽን የምትገዢባቸው የሐጂ አብዱልበሲጥ ልጅ። እዚህ የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪ ነው፤ ከአመድ ሲሚንቶ ካልሠራሁ ብሎ ሁልጊዜ አቧራ ለብሶ ነው የሚውል፤ እሱም ያምርበታል። ጭንቀቴን ሲሰማ ሳልለምነው መዶሻዬን ነጥቆ በጀልባ ሄደ። ደሴቱ ላይ ሽማግሌ መነኮሳት ለአጥር ግንብ ድንጋይ ሲሸከሙ ቢያይ አንጀቱ አልችል ብሎ አብሯቸው ሲሸከም ዋለ። አንዱ አባት ስሙን ጠይቀውት ቢነግራቸው፣ «መስዑድ ነህ? በል መስዑድ፣ ያን ትልቁን አንሣው!» አሉት አሉ። በሳቅ ልሞት! ጀልባው ሊነሣ ሲል ግን ዐለት የሚሰብርበት ጊዜ አጣና፣ ከተቆለለው ድንጋይ ጥቂት አንሥቶልኝ መጣ።

ድንጋዩን ሳጥበው ኖራ አየሁበት፣ እትዬ። የደሴቱ ዐለት አልነበረም፤ የፈረሰ ቤት ግንብ ነበር፤ ለአጥሩ ከወዲህ ማዶ በጀልባ ተጭኖ የሄደ። መስዑድ አላወቀም። እኔ ግን ዐወቅሁ፤ ዐውቄም በብሩሽ ፋቅሁት። ጽሑፌ ላይም «ከደሴቱ ዐለት ሰብሬ የወሰድሁት» ብዬ ጻፍሁ።

ሐሙስ ዕለት ሥራዬን በአዳራሽ አቀረብሁ። ሴት ልጅ ድንጋይ ስትሰብር ይዩ ተብለው የአንደኛ ዓመት ልጃገረዶች ፊት ተቀምጠዋል። ዶክተር አምሐ ኮርተው፣ «ደሴቱ ድረስ ራሷ ቀዝፋ ሄዳ ነው!» ሲሉ፣ የዘጌው ልጅ ተክለ ጊዮርጊስ ከኋላ፣ «እንዴ፣ መቅደላዊት መነኮሰች? እዚያ እንኳን ሴት፣ እንስት ዶሮም አትገባም!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር አምሐ አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ድንጋዮች አንዱን አንሥተው ገለበጡት፤ ብሩሼ ያልደረሰበት ጥግ ነበረው። «ይህ ኖራ ምንድን ነው?» አሉ።

እኔ ወረቀቴን ማገላበጥ ያዝሁ። መስዑድ ከመካከል ተነሣና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዐለቱ ሰበርሁት ብዬ ዋሸኋት። እሷ የምታውቀው ነገር የለም» አለ።

እኔም ዝም አልሁ።

ሰኞ ኮሚቴ ይጠራዋል፤ ከትምህርቱ ሊያሰናብቱት ይችላሉ። ማታውን ባገኘው፣ «ምን አስጨነቀሽ? ቢያባርሩኝ ከአባቴ ሱቅ ጨርቅ እየለካሁ እሸጣለሁ። የምርቃትሽ ቀሚስ ብቻ ከኔ እንዲሆን!» ብሎ ሳቀ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ደግሞ ከነዚያ ልጃገረዶች አንዷ፣ ዘይነት የምትባል፣ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። እሷም ጂኦሎጂ ልትመርጥ ነው። «እህቴ፣ እውነት አላወቅሽም ነበር?» አለችኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች። «አላወቅሁም» አልኋት። አመነችኝ እኮ! «እኔም ገርሞኝ ነበር፤ አንቺማ እንዲህ አታደርጊም» ብላ አቅፋኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። ሙዙም እንደተቀመጠ ነው።

ቆርጫለሁ። ሰኞ መስዑድ ሳይጠራ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ዲግሪው ለዘንድሮ ይቀራል፤ ምናልባትም ለሁልጊዜው። ወንዶቹም «ብለን ነበር» ይላሉ፤ ይበሉ። ለዘይነትም ራሴ እነግራታለሁ። ከበሩ እንደወጣሁ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ የሆነውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ።

አንቺን እመብርሃን በጤና ታቆይልኝ፤ ልጆችሽን ታሳድግልሽ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በጸሎት ያስቡኝ በያቸው። የድንጋዩን ነገር አትደብቂያቸው፤ ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። መስዑድ ጥፋቴን ለምን በራሱ ላይ እንደወሰደ ቢጠይቁሽ ግን አላውቅም በያቸው። የእኔንና የእሱን ነገር እግራቸው ሥር ተንበርክኬ እኔው ነኝ የምነግራቸው።

አንቺ ያሳደግሻት፣
ታናሽ እህትሽ